ከትሉ ኋላ የበራው ፍላሽ

ባለቤቴ ደበላ ያረፈ ጊዜ ልደታ ቤተ ክርስቲያን የሕይወት ታሪኩ ተነበበ። ያዘጋጁት የእህቱ ልጆች ናቸው፤ በጥድፊያ የተጻፈ ነውና አልፈርድባቸውም። የት እንደተወለደ፣ የት እንደተማረ፣ ስንት ልጆች እንዳሳደገ ተነበበና «በመንግሥት መሥሪያ ቤት በፎቶግራፍ ሙያ ለረጅም ዓመታት አገልግለዋል» ተብሎ ታለፈ። ቆሜ እያለቀስኩ ነበር፤ ያ መስመር ሲያልፍ ግን ለቅሶዬ ለአፍታ ቆመ። ይኼ ብቻ ነው? አልኩ በልቤ።

ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ጎረቤቶችም «የት ስቱዲዮ ነበር የሚሠሩት?» ብለው ጠየቁኝ። ስቱዲዮ አልነበረውም። ሙሽራ አላነሳም፤ የመታወቂያ ፎቶም አላነሳም። ሲያነሳ የኖረው ትል፣ ክሽክሽ፣ አንበጣ፣ የበሰበሰ ሥር፣ ዋግ የመታው የስንዴ ቅጠል ነው። ይህን ስነግራቸው አንዷ «ውይ፣ እሱን ደግሞ ለምን?» አለችኝ። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ያን ጊዜ አቅም አልነበረኝም። አሁን ድንኳኑ ከተነሳ፣ ሰውም ወደየጉዳዩ ከተመለሰ በኋላ ልጽፈው ተቀምጫለሁ። ቀስ እያልኩ ነው። አንዳንድ ቀን አንድ ገጽ ይሞላል፤ አንዳንድ ቀን ስሙን ብቻ ጽፌ እነሳለሁ። እኔም ጡረታ እስክወጣ በዚያው ክፍል ስለሠራሁ የእሱን ስጽፍ የራሴን የሥራ ዘመን መጻፌ ነው።

ሥራ የጀመርኩት በአብዮቱ የመጀመሪያ ዓመታት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ታይፕ ተምሬ፣ እርሻን የሚመለከት አንድ መሥሪያ ቤት ለታይፒስትነት ተፈተንኩና አለፍኩ። የታይፒስቱ ቦታ ግን እስክደርስ ተይዞ ቆየኝ። «እስኪለቀቅ ድረስ» ብለው ፎቶግራፍ ክፍል፣ ፊልም የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ውስጥ መደቡኝ። ጡረታ እስክወጣ ቦታው ይለቀቅ አይለቀቅ የጠየቀ ሰው የለም። ስለ ደመወዙ ብዙ የሚባል ነገር የለኝም፤ መዋጮው ተቆርጦ የሚተርፈው ያኖረን ነበር።

የክፍሉ ሥራ ገበሬውን የሚጎዱ ተባዮችንና የሰብል በሽታዎችን ፎቶ እያነሱ ለፖስተርና ለሥልጠና ማዘጋጀት ነበር። ብቸኛው ፎቶ አንሺ አቶ ደበላ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኪሱ የበዛ ካኪ ካፖርት የማይለየው ሰው ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ከቢሮው ጀርባ ካለው የሙከራ መደብ ወሰደኝ። አንድ ፌንጣ ቅጠል ላይ ተቀምጧል። ደበላ ካሜራውን ከቦርሳው አላወጣም። ቁጢጥ አለና ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ተቀመጠ። እግሬን እስኪደነዝዘኝ ከጎኑ ቆምኩ።

«አቶ ደበላ፣ ምን እየጠበቅን ነው?» አልኩት።

«እስኪሰለቸው።»

«ምን?»

«እኛን ማየት። አሁን ስለ እኛ እያሰበ ነው። ትንሽ ቆይቶ ስለ ምሳው ማሰብ ይጀምራል። ያኔ እናነሳዋለን።»

እንዲህ ነበር የሚሠራው። ካሜራውን ይዞ ሲጠጋም በኦሮምኛ «ሱታ፣ ሱታ» ይል ነበር፤ ቀስ፣ ቀስ ማለቱ ነው። ለነፍሳቱ ይበለው ለራሱ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አንስቶ ከጨረሰ በኋላ ለማየት ብሎ የገለጠውን ቅጠል እንደነበረበት መልሶ ያስተካክለዋል። ማንም የማያየው ማሳ ላይ እንኳ ይህን ሳያደርግ ሲነሳ አላየሁትም።

ከቢሮ ስንወጣ ሁለታችንም ወደ ልደታ ስለምንሄድ አብረን በእግራችን እናዘግም ነበር። መንገዱን ሁሉ ያስተምረኛል። ሜክሲኮ አደባባይ አውቶቡስ የሚጠብቀውን ሰው በዓይኑ እያመለከተ «ብርቄ፣ የዚያ ሰውዬ የአፍንጫ ጥላ ወዴት ወድቋል?» ይለኛል።

«ወደ ግራ።»

«እንግዲያው ብርሃኑ ከየት ነው?»

«ከቀኝ። አቶ ደበላ፣ እንዲህ አፍጥጠን ስናየው ሰውዬው ምን ይለናል?»

«ምንም አይልም። ቀስ ብሎ ይሄዳል እንጂ። የመንግሥት ሰዎች መስለነው ይሆናል።»

እውነትም ሰውዬው አውቶቡሱን ትቶ በእግሩ ሄደ። ዘመኑ እንደዚያ ነበር።

ጥቂት ዓመት ቆይተን ተጋባን። ከጌጃ ሰፈር ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ተከራየን። ቢሮ ውስጥ «እርስዎ» ማለቴን አልተውኩም፤ ቤት ውስጥ ግን «አንተ» ነው። ጌጃ ሰፈር ሬዲዮ የሚጠግነው ወዳጃችን ሸምሱ ይህን ሰምቶ አንድ ቀን ያዘኝ። «እህቴ ብርቄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከቢሮ ወደ ቤት ስትመጡ ጋሽ ደበላ አንተ የሚሆነው የት ላይ ነው?»

ደበላ ቀደመኝ። «ሜክሲኮን ስንሻገር» አለው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በዚያን ጊዜ የሽምብራ ገበሬን የሚያስቸግር ጓይ ትል የሚባል ትል ነበር፤ ዛሬም አለ። ትንሽ ሳለ ቅጠል ላይ ነው የሚውለው፤ በዚያ ጊዜ በእጅ ለቅሞ መግደል ይቻላል። ካደገ በኋላ የሽምብራውን ቆብ በስቶ ጭንቅላቱን ውስጥ ይከትና ፍሬውን ይበላል። ያኔ ለቀማ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ገበሬው ትንሹን ትል አይቶ እንዲለየው ባለ ቀለም ፖስተር እንድናዘጋጅ ታዘዝን።

የጥፍር ጫፍ የምታህል ትል በፖስተር ልክ አጉልቶ ማንሳት ቀላል አይደለም። በጣም ሲጠጉ ካሜራው ጥርት አድርጎ የሚያየው አንዲት ስስ ቦታ ብቻ ነው። ትሉ ከራሱ እስከ ጅራቱ እንዲታይ የሌንሱን ዓይን ማጥበብ ያስፈልጋል። ዓይኑ ሲጠብ ደግሞ የፀሐይ ብርሃን አይበቃውም፤ ጊዜ ይፈልጋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ትንሽ ነፋስ ሽምብራውን ካነቃነቀው ፎቶው ይደበዝዛል። መፍትሔው ፍላሽ ነው፤ ብልጭ ብሎ ሲጠፋ ነፋሱም ትሉም የቆሙ ይመስላሉ። ደበላ በአንድ ፍላሽ አነሳው። ፎቶው ሲመጣ ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ልናየው ተሰበሰብን። በትሉ ገላ ላይ ያሉት ጸጉሮች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ፍላሹ የደረሰው ትሉ ጋ ብቻ ስለሆነ ከኋላው ያለው ሁሉ ጥቁር ሆኗል፤ አረንጓዴው ትል በጥቁሩ ላይ እንደ ጌጥ ያበራል።

የመምሪያው ኃላፊ ጓድ አስፋው ፖስተሩን በፍሬም አስገብቶ ከጠረጴዛው ትይዩ ሰቀለው። ቁጡ ቢሆንም ሥራ የሚወድ ሰው ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይኼን የእኛው ልጅ ነው ያነሳው» ይላል። ደበላ በዚያን ጊዜ ሃምሳ ሊሞላው ምን ቀረው።

ፖስተሩ በየገበሬ ማኅበሩ ተለጠፈ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ደበላና እኔ ለሌላ ሥራ በጅማ መንገድ ወጥተን፣ ሽምብራ የሚዘራበት ጥቁር አፈር አገር ደረስን። ፖስተሩ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጥፎ አየነው። ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ማሳ ግን ቆቡ ሁሉ ተበስቷል። ደበላ አንዱን ቆብ ፈልፍሎ አየው፤ ባዶ ነው። ሌላውንም ፈለፈለ።

ማሳው አዴ ጫልቱ የሚባሉ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ነበር። አዴ ማለት በኦሮምኛ ለታላቅ ሴት የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ደበላ በቋንቋቸው አነጋገራቸው፤ ለእኔ እየተረጎመልኝ።

«ፖስተሩን አላዩትም?» ብሎ ጠየቃቸው።

«አይቼዋለሁ። ሁላችንም አይተነዋል።»

«ታዲያ ለምን አልለቀማችሁትም?»

«ፈለግነው እንጂ። በየማታው ፋኖስ ይዘን ወጣን። ወገቤ እስኪቆረጥ ጎንበስ ብዬ ፈለግሁ። በፋኖስ ብርሃን አረንጓዴ ትል ከአረንጓዴ ቅጠል እንዴት ይለያል? ሁለት ወይ ሦስት ባገኝ ነው።»

«ለምን በማታ?»

አዴ ጫልቱ ደበላን ሞኝ እንደሚያዩት አዩት። ወደ ፖስተሩ እየጠቆሙ ተናገሩ። ደበላ ወዲያው አልተረጎመልኝም። እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ቆየና «ሥዕሉ ላይ ጨለማ ነው ይላሉ» አለኝ። «ይህ ትል በጨለማ ነው የሚወጣው ብላችሁ እናንተው አሳያችሁን ይላሉ።»

ከታች የተጻፈውን ማንበብ የሚችል ሰው ማኅበሩ ውስጥ ነበረ። ጽሑፉ ግን በቀን ልቀሙ አይልም፤ ልቀሙ ብቻ ነው የሚለው። ቀን መሆኑን መጻፍ ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ጥቁሩ ለምን ጥቁር እንደሆነ የምናውቀው እኛ ነን። ካሜራ ይዞ ለማያውቅ ሰው ጥቁር ማለት ሌሊት ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

አዴ ጫልቱ ለመጪው ዓመት የሚያስቀምጡት ዘር እንኳ ከዚያ ማሳ አልወጣም። ዘር ከጎረቤት ተበድረው እንደገና ሽምብራ ለመዝራት እንዳሰቡ ነገሩን። ደበላ ይህን ሁሉ ሰማና «የመጪው ዓመት ፖስተር ሌላ ይሆናል» አላቸው። እሳቸውም «እንግዲህ» አሉት።

ወደ አዲስ አበባ ተመለስን። በማግስቱ ጓድ አስፋው ዘንድ ገባን።

«ፖስተሩ እንደገና እንዳይታተም እለምናለሁ» አለ ደበላ።

«ለምን? ወሩ ሲያልቅ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ነው። በጀቱም ተፈቅዷል።»

ደበላ ያየውን ነገረው። ጓድ አስፋው ብድግ ብሎ በግድግዳው ላይ ያለውን ፖስተር ለረጅም ጊዜ አየው። «አንድ ሰዓሊ ከኋላው ሰማይ ይቀባበት» አለ በመጨረሻ።

«ሰማዩ የተቀባ መሆኑን ያዩታል፤ ከዚያ ትሉም የተቀባ ነው ይላሉ። ሌላ ፎቶ ማንሳት አለብኝ።»

«አሁን? ሽምብራው ደርቆ የለም እንዴ?»

«ዘግይቶ የተዘራ ማሳ አለ። ትንሹ ትል ገና አላለቀም።»

«ወሩ ከማለቁ በፊት ካመጣህ የአንተን አሳትማለሁ። ካላመጣህ ያለውን ነው የማሳትመው፤ ባዶ ግድግዳ ለገበሬ አልልክም።»

ነገሩ ይህ ነበር። ትሎቹ እያደጉ ወደ ቆብ እየገቡ ነው፤ ከገቡ በኋላ እስከ ሌላው ዓመት አይገኙም። ያ ፎቶ ካልተገኘ አዴ ጫልቱና ጎረቤቶቻቸው የተበደሩትን ዘር ዘርተው በሚቀጥለውም ዓመት ፋኖስ ይዘው ሊወጡ ነው።

ደበላ ምን እንደሚያስፈልገው ያውቅ ነበር። አንድ ፍላሽ ለትሉ፣ ሁለተኛ ፍላሽ ደግሞ ከትሉ ኋላ ላለው ቅጠል። ኋላው ከበራ ቀን ይሆናል። ችግሩ ሁለቱ ፍላሾች በአንድ ቅጽበት መብራት አለባቸው፤ ለዚያ ደግሞ ሁለቱን የሚያገናኝ ሽቦ ያስፈልጋል። በሽቦ ሞክረነው ነበር። ሽቦው በሽምብራው መካከል ሲያልፍ ቅርንጫፉን ይነካዋል፤ ቅርንጫፉ ሲነካ ትሉ ተጠቅልሎ ወደ መሬት ይወድቃል። የአንዱን ፍላሽ ብርሃን አይቶ ያለ ሽቦ የሚበራ ፍላሽ በውጭ አገር እንደሚሸጥ እናውቃለን። ቀደም ሲል እንዲገዛልን ጠይቀን የውጭ ምንዛሪ የለም ተብለናል። ዛሬ ያን መሰሉን ዕቃ ማንም ከሱቅ ገዝቶ በኪሱ ይዞት ይሄዳል። ያን ጊዜ የነበረን ሸምሱ ነው።

የሸምሱ ሱቅ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ውጭ የሚቆምበት ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ የተፈታ ሬዲዮ ተደርድሯል። ደበላ የሚፈልገውን ነገረው።

«ጋሽ ደበላ፣ ሽቦ ምን አደረገዎት?»

«ሽቦው ሽምብራውን ይነካዋል፤ ትሉ ይወድቃል።»

«የእርስዎ ትል ሽቦ ይፈራል። የእኛ ሰፈር ሰው የመብራት ሽቦ በባዶ እጁ ነው የሚቀጥለው።»

«ሸምሱ፣ ጊዜ የለኝም።»

«እየሠራሁ ነው የማወራው» አለና መሳቢያውን ይጎረጉር ጀመር። ከድሮ ሬዲዮ የወጣች፣ እንደ ክኒን የምታህል፣ ጥቁር ቀለም የተቀባች ትራንዚስተር አወጣ። ምላጭ አንስቶ ቀለሟን በቀስታ ይፍቅ ጀመር። ከቀለሙ ሥር ብርጭቆ ታየ።

«ይህችን ለምን ጥቁር እንደቀቧት ያውቃሉ?» አለ ዓይኑን ከእጁ ሳያነሳ። «ብርሃን ስታይ ትረበሻለች። ሬዲዮ ውስጥ እንድትረበሽ አይፈለግም፤ ድምፁን ታበላሻለች። እርስዎ ግን የምትረበሸዋን ነው የሚፈልጉት።»

ደበላ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። ከዚያ ከጥቁር አፈሩ አገር ከተመለስን ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ሸምሱ ትራንዚስተሯን ከሌሎች ትንንሽ ዕቃዎች ጋር በብየዳ አጣብቆ ከፍላሹ ጀርባ ገጠመልን። ሱቁ ውስጥ ስንሞክረው ደበላ የፊተኛውን ፍላሽ ሲያበራ ያለ ሽቦ የቆመው ሁለተኛውም አብሮ በራ። ሸምሱ በሬዲዮዎቹ መካከል ቆሞ ጸጉሩን እያሻሸ «ድገሙት እስቲ» አለ። ደገምነው። «አሁንም» አለ።

ግቢያችን ወስደን በቀትር ፀሐይ ስንሞክረው ግን ሁለተኛው ፍላሽ አልበራም። ደበላ ቦታ ቀየረ፤ አልበራም። አጠገቡ ቀረበ፤ አልበራም። እኔ ቀሚሴን ዘርግቼ ጥላ ሳጠላበት በራ። የፍላሹ ዓይን የሆነችው ትራንዚስተር ፀሐዩን እያየች ጠግባ የሌላውን ፍላሽ ብልጭታ መለየት አቅቷታል። ፊልም የሚመጣበትን ጥቁር የፕላስቲክ ብልቃጥ ሁለቱንም ጫፍ ቆርጬ በትራንዚስተሯ ላይ እንደ ቱቦ አጠለቅሁባት። አሁን የምታየው ፊት ለፊቷ ያለውን ብቻ ሆነ። በራች። ደበላ ብልቃጡን አገላብጦ አየና «ኮፍያ ሰፋሽላት» አለኝ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አሁንም እየሞከርን ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ። የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ነው፤ ጠመንጃ ይዟል። ወጣት ነው፤ ፊቱን እናውቀዋለን።

«ምንድን ነው እዚህ ብልጭ ብልጭ የሚለው?» አለ።

«ፍላሽ ነው። ፎቶ እየሞከርን ነው» አለ ደበላ።

«ሁለት ቦታ ነው የሚበራው። ሽቦ የለውም። ለማን ነው ምልክት የምትሰጡት?»

በዚያ ዘመን ያለ ሽቦ የሚሠራ ነገር ቤት የሚያስፈትሽ ነበር። ደበላ ግን አልተከራከረም። «ወንድሜ፣ እስቲ አንተው ያዘው» ብሎ ሁለተኛውን ፍላሽ ሰጠው። ልጁ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ ፍላሹን በሁለት እጁ ያዘ። ደበላ ወደ ግቢው ሌላ ጫፍ ሄዶ የራሱን አበራ። ልጁ እጅ ላይ ያለውም በራ። ልጁ ሊጥለው ምንም አልቀረው።

«ያኛው ምን ነገረው?» አለ።

«አልነገረውም። አየው።»

«ያያል?»

«ብርሃን ብቻ።»

«እኛን አያየንም?»

«አያይም። የእኔ ሚስት ታያለች እንጂ እሱ አያይም።»

ልጁ ሳቀ። ቢሆንም ሳይወስደው አልሄደም፤ ከመሥሪያ ቤት ማስረጃ እስክናመጣ ቀበሌ ይቀመጥ አለ። ያን ሌሊት ደበላ አልተኛም። በማግስቱ ጓድ አስፋው ዘንድ ሄድን፤ ይቆጣናል ብዬ ነበር። እሱ ግን ወረቀቱን ራሱ ይዞ ቀበሌ ድረስ መጣ። ሊቀ መንበሩን «ይኼ ትል የሚያነሳ ዕቃ ነው» ሲለው፣ ሊቀ መንበሩ «ትል ለማንሳት ይኼን ያህል ጣጣ?» አለው። «እኔም እንደዚያ ነበር የምለው» አለ ጓድ አስፋው፤ ፍላሹን ተቀብሎ ለደበላ ሰጠው።

ያለችን ጊዜ ተሸራርፋ ነበር። ወደዚያው አገር ወጣን። የአዴ ጫልቱ ማሳ ታጭዷል፤ ዘግይቶ የተዘራው የጎረቤታቸው ማሳ ግን ገና አረንጓዴ ነበር። ከጠዋት ጀምረን ትንሽ ትል ፈለግን። ያገኘናቸው ሁሉ ትልልቅ ሆነው ጭንቅላታቸው ቆብ ውስጥ ገብቷል። ፀሐይ ከፍ ስትል አንዲት ትንሽ፣ ቅጠል ዳር የተጋደመች ትል አገኘሁ። ደበላን በእጄ ጠራሁት። መጥቶ ቁጢጥ አለ፤ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ጊዜ የለንም ብዬ ልቤ ሲደክም እሱ ተቀመጠ።

ከዚያ በዝግታ ተነሳና ሁለተኛውን ፍላሽ በባላ እንጨት ላይ አስሮ ከትሏ ኋላ፣ ወደ ጎን ራቅ አድርጎ ተከለው፤ ፊቱ ወደ ኋላው ቅጠል፣ ዓይኑ ወደ እኛ። በፊተኛው ፍላሽ ላይ ብርሃኑ እንዲለሰልስ የራሴን ነጭ ሻሽ አጠፍኩበት። ከዚያ ተጠጋ። «ሱታ፣ ሱታ።»

አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። የእኛ ካሜራ ሲነሳበት ውስጡ ያለው መስታወት ወደ ላይ ይነሳና አንሺው ለዚያች ቅጽበት ምንም አያይም። ፎቶው የሚነሳባት ቅጽበት እሱ የማያያት ናት። ስለዚህ ሁለተኛው ፍላሽ መብራት አለመብራቱን የማየው እኔ ነበርኩ።

ጠቅ አደረገ።

«አልበራም» አልኩ።

ባላውን ትንሽ አዞርኩት። ጠቅ።

«አልበራም።»

ተጎንብሼ በብልቃጧ ቀዳዳ አጮልቄ አየሁ፤ አንድ የሽምብራ ቅርንጫፍ በመካከል ቆሟል። እንዳይነካ እየተጠነቀቅሁ ባላውን ነቅዬ አንድ ክንድ ያህል አራቅኩት። ደበላ ትንፋሹን ይዞ ነበር።

ጠቅ።

«በራ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በራ። ድገመው።»

ማሳ ላይ ሆነን ሥራ ላይ ሳለን «ይድገሙት» ትቼ «ድገመው» ማለቴን ሁለታችንም ያን ጊዜ ልብ አላልነውም። ደገመው። በራ። ሦስተኛውን ሲል ነፋስ መጣና ትሏ ተጠቅልላ ወደቀች። ደበላ የገለጠውን ቅጠል መለሰና ተነሳ። ወገቡን ይዞ ቆሞ «በሌላ ሰው ዓይን ፎቶ አንስቼ አላውቅም ነበር» አለኝ።

ባለ ቀለም ፊልም የሚያጥብልን ሌላ ቤት ነበር። እስኪመጣ ድረስ ደበላ ምሳ አልበላም ማለት ይቻላል። ሲመጣ በመስኮቱ ላይ አድርገን አየነው። ሁለቱ ጥቁር ናቸው፤ «አልበራም» ያልኳቸው። ሁለቱ ግን ቀን ናቸው። ትሏ ከፊት ጥርት ብላ ተጋድማለች፤ ከኋላዋ ለስላሳ አረንጓዴ፣ ከላይ ትንሽ የሰማይ ንጣት። ማንም ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሚያየው ዓይነት ነው።

ጓድ አስፋው አዲሱን ከአሮጌው ጋር አስተያየ። «እውነቱን ልንገርህ፣ የድሮው እንደ ወርቅ ነው። ይኼኛው ተራ ሽምብራ ነው» አለ።

«አዎ» አለ ደበላ። «ተራ ሽምብራ እንዲሆን ነው የለፋነው።»

ጓድ አስፋው ጥቁሩን ከግድግዳው አላወረደም፤ ማተሚያ ቤት የሄደው ግን አዲሱ ነው። እኔም ከሥሩ «በቀን ብርሃን ልቀሙ» የሚለውን በታይፕ መታሁ። ታይፒስት ሆኜ የሠራሁት ሥራ እሱ ነው ማለት እችላለሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠራን። ኃላፊዎች ተቀያየሩ፤ አንዱ ፎቶ የሚወድ፣ ሌላው ክፍሉን ሊዘጋው የሚፈልግ። የሸምሱን ዓይን ይዘን የቡና፣ የበቆሎ፣ የእንሰት ተባይ አነሳን። ደበላ ጡረታ ሲወጣ ክፍሉን እኔ ተረከብኩ። ሰው የሠራውን ሁሉ አንድ በአንድ ልጽፍ ብል አልችልም። ሲጨንቀኝ የማስበው ግን ፖስተሩ ከታተመ በኋላ የመጣውን ኅዳር ነው።

ደበላ ፖስተሩን በፖስታ አልላከውም። ጠቅልሎ ይዞ ራሱ ሄደ፤ እኔም አብሬው። አዴ ጫልቱ በተበደሩት ዘር ሽምብራ ዘርተው፣ ሽምብራው አበባ ይዞ ነበር። ደበላ ፖስተሩን መሬት ላይ ዘርግቶ በአራቱም ጫፍ ድንጋይ አደረገበት። አዴ ጫልቱ ጎንበስ ብለው አዩት። ትሏን በጣታቸው ነኩ። ከዚያ ጣታቸውን ከኋላዋ ወዳለው አረንጓዴ ወሰዱ፣ ቀጥሎ ወደ ሰማዩ።

«ይኼ የማን ማሳ ነው?» አሉ።

«የጎረቤትዎ። ከዚያ ማዶ ያለው» አላቸው ደበላ።

ቀና ብለው ወደ ማሳው አዩ። መልሰው ወደ ፖስተሩ አዩ። አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፤ ደበላ ሳይተረጉምልኝ ገባኝ። ቀን ነው፣ ነበር ያሉት።

ምንም አላመሰገኑንም። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ቀጥታ ወደ ማሳቸው ገቡ። ፀሐይዋ ከራሳችን በላይ ናት። ጎንበስ ብለው የመጀመሪያውን ቅጠል ገለጡ፤ ሁለተኛውን ገለጡ። ቀና ሳይሉ አንድ ነገር በሁለት ጣታቸው መካከል ጨፈለቁ። ከዚያ ወደ ጎረቤቶቻቸው ጮኸው ተጣሩ። ሴቶችና ሽማግሌዎች ከየቤቱ እየወጡ ገቡ፤ እያንዳንዱ አንድ መስመር ይዞ ጎንበስ አለ። ፋኖስ የያዘ ማንም የለም።

«አታነሳቸውም?» አልኩት።

«ሥራ ላይ ናቸው» አለኝ። ካፖርቱን አውልቆ መኪናው ላይ ጣለው፤ እጅጌውን ሰብስቦ ከአዴ ጫልቱ ቀጥሎ ባለው መስመር ገባ። እኔም ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ያዝኩ። እስኪመሽ ድረስ ቅጠል ስንገልጥ ዋልን፤ ጣታችን በትል ውሃ አረንጓዴ ሆነ። ካሜራው ከመኪናው አልወረደም።